ከጀፎረው ሳር ውስጥ የሚነሳው ግራጫ የእሳት እራት ምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው ቡታጅራ አቅራቢያ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። ጠያቂው እንደሚሉት ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሁለት ቀን በላይ በላዩ ከባድ ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ከብት ለማስገባት በጀፎረው ሲያልፉ፣ በረገጡ ቁጥር ከሳሩ ውስጥ ግራጫ የእሳት እራት ብድግ እያለ፣ ጥቂት ሜትር በሮ ተመልሶ ሳሩ ውስጥ ይሸጎጥ ነበር። ማታም ደጃፍ ላይ ባለው አምፖል ዙሪያ ግድግዳው እስኪጠቁር ተለጥፎ አደረ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አይተው አያውቁም። አባታቸው «ተምች ሊወርድብን ነው» ይላሉ፤ ጎረቤታቸው ደግሞ «መብራት ያየ የእሳት እራት ነው፣ ነገ ይጠፋል» ባይ ናቸው። ጠያቂው ሁለት ፎቶ አያይዘው ሦስት ነገር ጠይቀዋል፦ ምንድን ነው? ከብቱንና በቆሎውን ያሰጋል ወይ? ከአሁኑ መድኃኒት እንርጭ ወይ? (ጀፎረን ለማያውቅ አንባቢ፦ በጉራጌ መንደሮች በቤቶቹ ፊት ለፊት የሚዘረጋ ሰፊ የጋራ የሳር ሜዳና መንገድ ነው።)

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ፤ ገንዘብ የሚያስወጣው እሱ ነውና። አሁን ምንም አትርጩ። የሚረጭበት ነገር ገና የለም። ያያችሁት ክንፋም ነፍሳት ሳር አይበላም፤ ቅጠል የሚቆርጥበት መንጋጋ የለውም። ያለው ከራሱ ሥር ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው፤ በእሱ ውኃና የአበባ ወለላ ይመጣል። ዛሬ ማታ ጀፎረው ላይ የነበረው ነገ ማታ ሌላ ወረዳ ሊያድር ይችላል። መድኃኒቱ ግን ሳሩ ላይ ይቀራል፤ ከብቱም ይግጠዋል፣ ንቡም ይነካዋል።

ምንነቱን በተመለከተ፣ ከፎቶዎቹና ከነገሩኝ ሁኔታ ተነስቼ ስገምት የአፍሪካ ተምች ክንፍ አውጥቶ የሚበርበት ደረጃ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ኤክዜምፕታ ይባላል። ግምት ያልኩት ናሙናውን በእጄ ስላልያዝኩት እንጂ ብዙ ጥርጣሬ ኖሮኝ አይደለም። ስለዚህ አባትዎ ልክ ናቸው። ጎረቤትዎም ቢሆኑ ከእውነት አልራቁም፤ የእሳት እራት መሆኑ አልቀረም። ተምች ብለን የምንጠራው አባጨጓሬ የዚሁ የእሳት እራት ልጅ ነው። ብዙ ሰው ተምቹን ያውቀዋል፣ እናቱን ግን አይቶም አያውቃት፤ ከሳር በማይለይ ቀለም ቀን ቀን ተደብቃ ውላ ሌሊት ነው የምትንቀሳቀሰው።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንሂድ። የመጀመሪያው፣ ግድግዳ ላይ ያረፈውን ከላይ ያነሱት፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ አይረዳም። ክንፉን በጀርባው ላይ አጥፎ ሲቀመጥ የሚታየው የፊት ክንፉ ብቻ ነው። ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት የፊት ክንፍ ያላቸው የእሳት እራቶች ደግሞ በአገራችን እጅግ ብዙ ናቸው። ቢሆንም ፎቶውን ሰፋ አድርጌ ስመለከተው ሁለት ምልክት አግኝቼበታለሁ። በክንፉ መካከል ላይ አንድ ነጣ ያለ ክብ ነገር አለ፤ ከእሱ ወደ ውጭ ደግሞ የኩላሊት ቅርጽ ያለው ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይታያል። እነዚህ ሁለት ምልክቶች የአንድ ትልቅ ቤተሰብ መታወቂያ ናቸው። ኖክቱዊድ ይባላል፤ ተምችም፣ ቆራጭ ትልም፣ ጓይ ትልም ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ቤተሰቡን እንጂ ግለሰቡን አላወቅንም።

ሁለተኛው ፎቶ ግን ብዙ ይናገራል። የሞተ አንድ አንስተው፣ የደብተር ወረቀት ላይ አድርገው፣ ክንፉን በስንጥር ከፍተው አንስተውታል። ይህን ማን እንዳስተማርዎት አላውቅም፤ ከሚደርሱን ፎቶዎች አብዛኞቹ እንዲህ ቢሆኑ ሥራችን በግማሽ ይቀል ነበር። አንደኛ፣ የደብተሩ መስመር መለኪያ ሆኖኛል። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ አራት መስመር ያህል ይሸፍናል፤ ይህም 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለተምች ልክ የሆነ መጠን። ሁለተኛ፣ የኋላ ክንፉ ተጋልጧል። የኋላ ክንፉ ነጣ ያለ ነው፤ ስስ ከመሆኑ የተነሳ የደብተሩ ሰማያዊ መስመር ከበታቹ ይታያል። በዚህ ነጭ ላይ ደግሞ የክንፉ ሥሮች፣ ማለትም እንደ ደም ሥር የተዘረጉት መስመሮች፣ አንድ በአንድ በቡናማ ቀለም የተሰመሩ ሆነው ይታያሉ፤ ዳር ዳሩንም ቀጭን ቡናማ ጥላ ይዞታል። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው። ነጭ የኋላ ክንፍ ብቻውን ብዙ አይልም፤ ነጩ ላይ የጠቆሩት ሥሮች ናቸው ወደ ተምች የሚመሩን።

የሚመሳሰሉትን አንድ በአንድ ማስወጣት ያስፈልጋል። ቆራጭ ትል፣ ማለትም ችግኝን ከአንገቱ የሚቆርጠው፣ የእሳት እራቱ እሱም ነጣ ያለና ሥሩ የጠቆረ የኋላ ክንፍ አለው፤ ስለዚህ ሊያሳስት ይችላል። ነገር ግን አግሮቲስ ኢፕሲሎን የሚባለው ዋነኛው ዝርያ በግልጽ ይተልቃል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ የፊት ክንፉም ላይ ከኩላሊቱ ምልክት ወደ ውጭ የሚወጣ ሹል ጥቁር ሽብልቅ አለው። የእርስዎ ፎቶ ላይ ይህ የለም። ጓይ ትል፣ የሽንብራና የአተር ጠላት፣ የፊት ክንፉ ወደ ገለባ ቀለም ያደላል፤ የኋላ ክንፉ ደግሞ ዳሩ ላይ ሰፊ ጥቁር መቀነት አለው፣ ከሩቅ ይለያል። የጥጥ ቅጠል በል የሚባለው ስፖዶፕቴራ ሊቶራሊስ የተምች የቅርብ ዘመድ ነው፤ የፊት ክንፉ ግን እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡ ነጫጭ መስመሮች የበዙበት ስለሆነ ከግራጫው ተምች ይልቅ ያጌጠ ነው፣ የኋላ ክንፉም ሥሮቹ ሳይጠቁሩ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ግን ስለ መጤው ተምች ነው። ከአሜሪካ አህጉር ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ምዕራብ አፍሪካ ላይ የታየው፣ በ2009 ዓ.ም. እኛ ዘንድ ገብቶ በቆሎ ላይ የሰፈረው፣ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ። የወንዱ የእሳት እራት የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ሦስት ማዕዘን መሰል ነጠብጣብ አለው፤ መሐል ላይ ያለው ክብ ምልክትም ወደ ጎን የተጋደመ ሞላላ ነው። ሴቷ ግን ደብዛዛ ስለሆነች ልምድ ያለውን ሰው ጭምር ታደናግራለች። እርስዎ ካነሷቸው መካከል፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት ስድስት ሰባት ከሚታዩት፣ አንዱም ነጩ ሦስት ማዕዘን የለውም። በአንድ ግድግዳ ላይ ወንድ ብቻ ወይም ሴት ብቻ አይሰበሰብም፤ መጤው ቢሆን ቢያንስ በአንዱ ላይ ነጩ ምልክት ይታይ ነበር። ከዚህም በላይ መጤው ተምች የበቆሎ ሰው ነው፤ በጋራ ግጦሽ ላይ በዚህ ብዛት ከሳር ሲነሳ ማየት የተለመደ አይደለም።

አንድ ዘመድ ግን ይቀራል፣ እሱን በፎቶ ላስወጣው አልችልም። ስፖዶፕቴራ ትሪቱራታ ይባላል፤ እሱም ሳር በል ነው፣ መልኩም ከተምች ጋር በጣም ይቀራረባል። የዚህ ዓይነቱን ጥርጣሬ የሚፈታው የሆዱን ጫፍ በአጉሊ መነጽር አይቶ የሚለይ ሰው ነው። ግን ትሪቱራታ እንዲህ በአንድ ሌሊት ዱብ ብሎ ሜዳ በመሙላት አይታወቅም። እዚህ ላይ ነው ከክንፉ ይልቅ ታሪኩ የሚረዳን።

ጀፎረው ላይ ያዩት ነገር ለእኔ ከአምፖሉ ሥር ከተከማቸው የበለጠ ማስረጃ ነው። አምፖል ከየአቅጣጫው ይጠራል፤ በተለይ ጨረቃ በሌለበት፣ ዝናብ ባባራበት ሞቃት ምሽት፣ ሃያ ዓይነት ነፍሳት አንድ ላይ ይሰበስባል። «አምፖሌ ሥር ብዙ ነበር» የሚለኝ ሰው ስለ አምፖሉ ብርሃን ነው እንጂ ስለ መሬቱ ብዙም አልነገረኝም። በእያንዳንዱ እርምጃ ከሳር ሲነሳ ማየት ግን ሌላ ነው። ተምች ከበረራ ወርዶ ሲያርፍ ቀኑን ሳር ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲረብሹት ዝቅ ብሎ ትንሽ ይበርና መልሶ ይገባል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ይነሳል። ባለፈው አንድ ወር በአካባቢያችሁ ጥቁር አባጨጓሬ ካልታየ ደግሞ እነዚህ እዚያው የተፈለፈሉ አይደሉም። በነፋስ መጥተዋል ማለት ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። በደረቁ ወራት ተምች ጥቂት ጥቂት ሆኖ፣ አልፎ አልፎ ዝናብ በሚያገኙ የኬንያና የታንዛኒያ አካባቢዎች ሳር ውስጥ ተበታትኖ ይቆያል፤ ያን ጊዜ ማንም ልብ አይለውም። ዝናብ ሲገባ ይራባል፤ የተፈለፈለው ትውልድ ክንፍ ባወጣ በጥቂት ሌሊት ውስጥ ወደ ላይ ተነስቶ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሄዳል። በዚያ ወቅት ነፋሱ ዝናቡን ተከትሎ ወደ ሰሜን ያደላል። ስለዚህ በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ከቦረና፣ ከኮንሶና ከደቡብ ኦሞ ወገን ነው፣ በመጋቢትና በሚያዝያ። ቀጥሎ ወደ ስምጥ ሸለቆውና ወደ መሐል አገር ይወጣል፤ በሰኔና በሐምሌ ትግራይና ኤርትራ ይደርሳል፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን የገባበትም ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ አንድ የእሳት እራት አይጓዘውም፤ ዕድሜው በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። እናት አንድ ቦታ ትወልዳለች፣ ልጆቿ ክንፍ አውጥተው ቀጣዩን ይጓዛሉ።

ታዲያ ሰማዩን ሁሉ የተበተነው ነፍሳት እንዴት የእርስዎ ጀፎረ ላይ ተሰበሰበ? መልሱ ዝናቡ ውስጥ ነው። ከባድ ዝናብ ያዘለ ደመና ሥር ነፋስ ከነፋስ ይጋጫል፤ በሰፊ ሰማይ ላይ ተበታትነው ይበሩ የነበሩት እዚያ የግጭት መስመር ላይ ይጠራቀማሉ፣ ዝናቡም ሲመታቸው ይወርዳሉ። ሴቷም ከመጋባቷና እንቁላል ከመጣሏ በፊት ውኃ መጠጣት ያስፈልጋታል፤ እርጥብ ሳር ላይ ታገኘዋለች። በዚያ ላይ ከደረቅ ጊዜ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ሳር ለልጆቿ ምርጥ ምግብ ነው። ተምች በተለይ ድርቅን ተከትሎ ዝናብ ሲመጣ የሚበረታውም ለዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. በልግ፣ ከተደጋጋሚ ድርቅ በኋላ፣ በኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ የተነሳው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የከብቱን ሬሳ ገና ያልቀበረ አርብቶ አደር የበቀለለትን ትንሽ ሳር ለተምች ሰጠ።

ስለዚህ የ«ሁለት ቀን ከባድ ዝናብ፣ ከዚያ በማግሥቱ» ታሪክዎን ሳነብ፣ ክንፉን ሳላይ ግማሽ መልሱን አግኝቼው ነበር።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ ያለብዎት ሳሩን እንጂ የእሳት እራቱን አይደለም። የእሳት እራቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ጎረቤትዎ «አላልኩም?» ይሉ ይሆናል። መጥፋቱ ግን እንቁላል ጥሎ እንደሆነ ወይ ሳይጥል እንደሆነ አይነግርዎትም። ሴቷ በሌሊት ነው የምትጥለው፤ በሳር ቅጠል ላይ፣ አንዳንዴም ሳር ባልሆነ ነገር ላይ፣ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ የሚደርስ እንቁላል በአንድ ቦታ ደራርባ ታስቀምጣለች። ክምሩን ከሆዷ ጫፍ በነቀለችው ጥቁር ጸጉር ትሸፍነዋለች። ይህ ጥቁር ሽፋን ከመጤው ተምች የሚለይበት ሌላ ምልክት ነው፤ የመጤው ሽፋን ነጣ ወይም ግራጫ ያለ ነው። ግን የእንቁላል ክምር በሰፊ ሜዳ ላይ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ስለሆነ በእሱ ብዙ አትድከሙ።

እንቁላሉ እንደ ሙቀቱ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ቡታጅራ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ከቆላው ትንሽ ይዘገያል ብላችሁ አስቡ። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ ከላይ ሆኖ ሜዳውን ያየ ሰው ምንም አያይም። ቅጠሉን ግን ይፍቃል እንጂ አይበሳም፦ አረንጓዴውን ሥጋ በልቶ ስሱን ቆዳ ይተወዋል፣ ቅጠሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንንሽ መስኮት ይቀራል። እርስዎ መፈለግ ያለብዎት ይህን መስኮት ነው። ካዩበት ቀን ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ በየሁለት ቀኑ ጠዋት ጀፎረው ውስጥ ገብተው፣ በተለያየ ቦታ ተንበርክከው፣ ሳሩን በእጅ ከፍለው ወደ ፀሐይ አዙረው ይዩት። አብሮ የሚያይ ልጅ ካለ ደግሞ የልጅ ዓይን ይሻላል።

የትሉ ቀለም ነገር ሰውን ብዙ ጊዜ ስለሚያሳስት እዚህ ላይ ቆም ልበል። መጀመሪያ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ሦስተኛ ቆዳቸውን ሲቀይሩ አካባቢ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ተራርቀው ያደጉት አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆነው ይቀጥላሉ፤ ሳር ሥር ተደብቀው ይኖራሉ፣ እንቅስቃሴያቸውም ዝግ ያለ ነው። ተጨናንቀው፣ እርስ በርስ እየተነካኩ ያደጉት ደግሞ ከላይ ጥቁር ይሆናሉ፤ በጎናቸው ቢጫማ መስመር ያወጣሉ፣ በቀን በብርሃን ይበላሉ፣ ጨርሰው ሲበሉም በአንድነት ወደ ቀጣዩ ማሳ ይጓዛሉ። ከአንዲት እናት፣ ከአንድ የእንቁላል ክምር የወጡ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። ፋውር የሚባል የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1943 ይህን ጉዳይ በዝርዝር ጽፎታል፤ የበረሃ አንበጣ ላይ የምናውቀው ዓይነት ለውጥ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ጥቁሮቹ በተምች ላይ የሚመጣውን የቫይረስ በሽታ ከአረንጓዴዎቹ በተሻለ እንደሚቋቋሙ አሳይተዋል። ተጨናንቆ የሚኖር ሁሉ በሽታ ቶሎ ስለሚተላለፍበት ሰውነቱ አስቀድሞ ይዘጋጃል ማለት ነው። ለእናንተ ይህ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ አረንጓዴ ትል ጥቂት ብታገኙ አትደንግጡ፣ ግን መቁጠራችሁን አታቁሙ፤ ጥቁሩ ከታየ ግን ነገሩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

ትሉን በእጅ ይዘው ሲያዩ፣ ግንባሩ ላይ ወደ ታች የተገለበጠ የላቲን ዋይ ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለ። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ይለያል፤ መጤው ተምችም ግን ይህ ምልክት ስላለው ብቻውን አይበቃም። የመጤውን የሚያጋልጠው ከጭራው አጠገብ፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው የሰውነት ክፍል ላይ፣ በካሬ የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች መኖራቸው ነው። ወደ ጭራው አዙሮ ማየት ይልመድባችሁ።

ጊዜው አጭር ነው ያልኩበት ምክንያት አመጋገቡ ነው። ተምች በትልነት የሚቆየው ሁለት ሦስት ሳምንት ቢሆንም፣ ከሚበላው እጅግ የሚበዛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። በካሬ ሜትር ከአንድ ሺህ በላይ ሊገኝ ይችላል። ሰው «በአንድ ሌሊት ሜዳውን ጨረሰው» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ሲበላ ሰንብቷል፣ ትንሽ በነበረ ጊዜ ማንም አላየውም። ከዚያ አፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገብቶ ፑፓ ይሆናል፣ ማለትም ከትልነት ወደ ክንፋምነት የሚለወጥበት ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበት ደረጃ፤ ከላይ ለሚያይ ሰው በድንገት የተሰወረ ይመስላል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን፣ ብርድ ባለበት ከዚያም በላይ ቆይቶ፣ ክንፍ አውጥቶ ይሄዳል። በርጭት ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ለዚህ ነው፦ ትሉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ደርሶ ሊቀበር ሲዘጋጅ፣ ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ይረጫል፤ በማግሥቱ ሲጠፋ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። ተምች የሳር ዘር በል ነው። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ሸንኮራ አገዳ ሁሉም የሳር ዘር ናቸው። በሚያዝያ መጨረሻ ላይ ገና በጉልበት ልክ ያልደረሰ በቆሎ ካለዎት በጣም ይጎዳል፤ ያደገው ግን ይቋቋመዋል፣ ቅጠሉ ቢበላም መልሶ ያወጣል። በርበሬዎን፣ ባቄላዎን፣ ጫትዎን አይመኝም። እንሰትም የእሱ ዋና ምግብ ስላልሆነ ለጓሮው ብዙ አልሰጋም። ከጀፎረው ወደ በቆሎው የሚሻገርበት መንገድ ግን ያሳስበኛል፤ የመንደር ሜዳ ከማሳ ጋር አፋፍ ለአፋፍ ስለሚገናኝ፣ ሳሩን የጨረሰው መንጋ ቀጥሎ የሚያገኘው ያንን ነው። በመካከሉ ቦይ መቆፈር የቆየ ዘዴ ነው፣ አሁንም ይሠራል፤ ወደ ማሳው ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ ይሁን፣ የወደቀው ትል ተመልሶ እንዳይወጣ። ውስጥ የገባውን መጨፍለቅ ወይም ዶሮ መልቀቅ ነው። ለትንሽ ማሳ ከመርጨት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ከብቱ። ተምቹን ራሱን አብሮ መጋጡ ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ግልጽ ነው፦ ሳሩ ያልቃል፣ ከብቱ ይራባል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ተምች በልቶት በሄደ ሜዳ ላይ እንደገና በሚያቆጠቁጠው ለጋ ሳር ከብት የሞተበት ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ተመዝግቧል። በተለይ የሰርዶ ወገን የሆኑ ሳሮች ሲጎዱ ሳይናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋልና አንዱ ምክንያት እሱ እንደሆነ ይታመናል። ጀፎረው አብዛኛው ሰርዶ ከሆነ፣ ተምች ካለፈበት በኋላ አዲሱ ሳር ጠና እስኪል ከብቱን አያስገቡ፤ የተራበ ከብት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሆዱን እስኪሞላ እንዲግጥ አይልቀቁ። ሜዳው ከተረጨም ተጨማሪ የመቆያ ቀን አለው፤ ቀኑ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል፣ ከጣሳው ላይ ወይም ከግብርና ባለሙያው ይጠይቁ እንጂ ከሱቅ ሻጭ አፍ አይቀበሉ።

መርጨት የግድ ከሆነ፣ የሚረጨው ትንንሽ ትል በብዛት በታየበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ጀፎረውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማጠብ አያስፈልግም። ጊዜውም ወደ ማታ ቢሆን ይሻላል፣ ንቡ ከገባ በኋላ። ይህን ብቻዎን አይወስኑ፤ የጋራ ሜዳ ነው፣ የአንድ ሰው ርጭት የሁሉንም ከብት ይነካል። ተምቹን የሚቀንሱ ሌሎችም አሉ። ሽመላና ሌሎች ወፎች መንጋውን ተከትለው ሲወርዱ ታያላችሁ፤ አታባሯቸው። ያነሳሁት ቫይረስም አለ፤ የያዘው ትል ወደ ሳሩ ጫፍ ወጥቶ ተዘቅዝቆ ይሞታል፣ ሲነኩት ይፈርጣል። እንዲህ ያሉ በብዛት ካያችሁ መንጋው በራሱ ጊዜ እየወደቀ ስለሆነ መድኃኒት መግዛቱን ተዉት።

ዛሬውኑ ማድረግ የሚገባዎት አንድ ነገር ግን አለ፦ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይንገሩ። «የእሳት እራት አየሁ ብዬ ብሄድ ይስቁብኛል» አይበሉ። የተምች ትንበያ የሚሠራው በዚሁ ወሬ ነው። የወንዱን የእሳት እራት በሴቷ ሽታ አስመስለው በተሠሩ ወጥመዶች እየያዙ ቁጥሩን ከዝናቡ ጋር የሚያገናዝቡ ባለሙያዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትም ከአንበጣና ከግሪሳ ወፍ ጋር ተምችን ይከታተላል። በታንዛኒያ መንደሮች የተጀመረው፣ ገበሬው ራሱ ወጥመዱንና የዝናብ መለኪያውን የሚያይበት አሠራር ወደ ኬንያና ወደ እኛም መጥቷል። ወረዳችሁ ወጥመድ ካለው፣ በዚያ ሳምንት ስንት እንደያዘ ይጠይቁልኝ። ቁጥሩ በድንገት ከፍ ብሎ ከሆነ የእኔን ግምት ያጠናክራል፣ ትሪቱራታንም ያርቅልኛል።

ናሙና ለመላክ ካሰቡ ክንፉ ያልተበላሸ አራት አምስት ያህል ይምረጡ። በብርጭቆ ከድነው ይያዙና ማቀዝቀዣ ካለ ጥቂት ሰዓት ያስገቡት፤ በጣት አይጨብጡት፣ ብናኙ ከተራገፈ ምልክቱ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ፌስታል ውስጥ አይጨምሩት፣ በራሱ እርጥበት ይሻግታል። ከደብተር ወረቀት ሦስት ማዕዘን ፖስታ አጥፈው እያንዳንዱን ለየብቻ ያስገቡ፤ በላዩም በእርሳስ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከሳር ይሁን ከአምፖል ሥር እንደያዙት ይጻፉ። ከሳር የተያዘውንና ከአምፖል የተያዘውን አይቀላቅሉ፤ ሁለቱ የተለያየ ዝርያ ሆነው ቢገኙ አይገርመኝም። የመስኮቱ ምልክት ያለበት ቅጠል ካገኙ ግን ናሙናውን ይተዉትና ቀጥታ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ይሂዱ፤ ያን ጊዜ የእኔ መልስ እስኪደርስ የሚጠበቅበት ቀን የለም።